ያልተጠየቀው ጥያቄ

የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ሜሪላንድ ውስጥ ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል እንበል። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባሉ «የለም» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት በማር ለውሰው የሚወስዱት ጥቁር አዝሙድ ለእሳቸው መድኃኒት አይደለም፤ የቤት ነገር ነው። ይህ የቤት ነገር ግን ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደመር ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል። ሐኪሙም አጥብቆ እንዲጠይቅ አልሠለጠነም።

የአሜሪካ የጤና ሀብቶችና አገልግሎቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ለመከላከል ሕክምና ሬዚደንሲዎች (የሐኪሞች የልዩ ሙያ ሥልጠናዎች) ቅንጅታዊ ሕክምናን እንዲያስተምሩ የገንዘብ ድጋፍ ሰጥቶ ነበር። ጅምሩ ትክክል ነበር። ቅንጅታዊ ሕክምና ማለት ቅጠል ሁሉ ይፈውሳል ማለት አይደለም። ሬዚደንቱ የትኛው ባህላዊ መድኃኒት እንደሚረዳ፣ የትኛው እንደሚጎዳ በማስረጃ እንዲለይ፣ በሽተኛውንም ሳያሳፍር እንዲጠይቅ ማሠልጠን ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን የሚያስታውስ፣ እንዲህ ያለው ግልጽ ንግግር ሕይወት እንደሚያተርፍ ይገባዋል።

ችግሩ የድጋፉ ዕድሜ ማጠሩ ነው። ለጥቂት ዓመታት ተሰጥቶ የሚቋረጥ ገንዘብ መምህር አያቆይም፤ ሥርዓተ ትምህርትም አያጸናም። ኮንግረስ ለዚህ ሥልጠና ቋሚ በጀት ሊመድብ ይገባል።

አንባቢያችን ሆይ፣ እስከዚያው ሐኪምዎ ባይጠይቅዎም ስለ ጥቁር አዝሙዱም፣ ስለ ዳማከሴውም ይንገሩት።