ከየት መጣ ብለን የማንጠይቀው ፊልም

ዛሬ የምንጽፈው ብዙዎቻችሁን ደስ እንደማያሰኝ እናውቃለን። ጉዳያችን በየቤታችን ከቴሌቪዥኑ ጎን ተሰክተው የሚውሉት ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ቴሌቪዥን ቤት ማስገባት በራሱ ኃጢአት ነው ከሚሉት ወገን አይደለንም። ያ ክርክር ድሮ በየጉባኤው ተካሂዶ አልፏል። አባት ቅዳሜ ማታ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ጥሩ ታሪክ ቢያይ ነፍሱ አትጠፋም። ነገር ግን በወጣቶች ትምህርት፣ በቤተሰብ ሴሚናር፣ በስብከቱም ሁሉ «ምን ታያላችሁ?» እያልን ስንጠይቅ ኖረናል። እርቃን አለበት ወይ? ጥንቆላ አለበት ወይ? ደም ይበዛዋል ወይ? መጠየቃችን መልካም ነው። «ከየት አመጣችሁት?» የሚል ጥያቄ ግን ከመድረክም ከምእመናንም ወንበር ሲነሣ አንሰማም።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፍላሹን ይዘን ሰፈራችን ወዳለው ፊልም ቤት እንሄዳለን፤ ልጁ ከኮምፒውተሩ ላይ ዝርዝሩን ያሳየናል፤ የመረጥነውን በጥቂት ብር ይጭንልናል። አለዚያ ከሥራ ባልደረባችን እንገለብጣለን። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድም «ዲስኩን ሞልቼልሃለሁ» ብሎ ያስረክበናል። በዚህ ሁሉ መንገድ ፊልሙን ለሠራው ሰው አንድ ሳንቲም አትደርሰውም። የአማርኛ ፊልም ሲሆንማ አንዳንዱ ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ በካሜራ የተቀረጸ ነው፤ የተመልካች ጭንቅላት በምስሉ ላይ ሲያልፍ ይታያል፣ የሰው ሳቅ ይሰማል። ያን እያየን «እንዴት እንደተገኘ አላወቅንም» ማለት አንችልም።

ምርጫችን ደግሞ ይገርማል። ለፊልም ቤቱ ልጅ «ንጹሕ ንጹሑን ጫንልን» እንለዋለን። የተሰረቀውን መረጥን እንጂ ስርቆቱን አልተውንም። ፋት 32 ሆኖ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል እንደማይቀበል፣ የትርጉም ጽሑፉ እንዲወጣ ስሙ ከፊልሙ ስም ጋር አንድ መሆን እንዳለበት አጥንተው የሚያውቁ ወጣቶች አሉን። በዚያው ትጋት ስለ ስርቆት የተሰጠው ትእዛዝ እዚህ ላይ ይሠራ እንደሆነ የጠየቀ ስንት ነው?

ኢያሱ ምዕራፍ 7ን አንብቡ። አካን የወሰደው የሰናዖር ካባ ያማረ ነበር፤ 200 ሰቅል ብሩም ብር፣ 50 ሰቅል ወርቁም ወርቅ ነበር። ዕቃው የረከሰ ስለ ነበረ አልተፈረደበትም። ጥያቄው የማን ነው የሚል ነበር። (እርግጥ ያ ለእግዚአብሔር እርም የተባለ ነገር ነው፤ ከፊልም ጋር አንድ ነው አንልም።) አካን ግን ቢያንስ በድንኳኑ ውስጥ ምድር ቆፍሮ ቀብሮታል። እኛ ሳሎን መካከል ሰክተን እንግዳ እንጋብዝበታለን።

«ድሆች ነን፣ ኢንተርኔቱም ውድ ነው፣ ኦሪጅናሉን ብንፈልግ የሚሸጥልን የለም» የሚለውን መልስ ደጋግመን ሰምተነዋል። እውነትነት አለው፤ አናቃልለውም። ምሳሌ ምዕራፍ 6 ስለ ተራበ ሌባ ይናገራል፤ ሰው አይንቀውም፣ ሲያዝ ግን ይከፍላል። የተራበስ እንጀራ ነው የወሰደው። እስቲ አንድ ቴራባይት ዲስክ ምን እንደሚይዝ እናስላ። አንዱ ፊልም ሁለት ጊጋባይት ቢሆን 500 ፊልም ገደማ ነው፤ በየምሽቱ አንድ ብናይ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያልፋል። ይህን የሚያህል ክምችት ያለው ሰው ተርቤ ነው ሲል ማን ያምነዋል?

«ሆሊውድ ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳል?» ለሚሉም፣ ትእዛዙ ከድሃ ብቻ አትውሰድ የሚል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው «በስደቱ ዘመን የመዝሙር ካሴት እጅ በእጅ ስንገለብጥ አልነበረም ወይ?» የሚለው ነው። አዎ፣ ነበር። ያን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ ዘማሪው የዘመረው እንዲሸጥለት አልነበረም፤ ካሴቱ ቤት ለቤት ሲዞር ደስታው የእርሱ ነበር። የሰጠንን ተቀበልን። ዛሬ ዘማሪው ለስቱዲዮ ተበድሮ፣ ለአቀናባሪው ከፍሎ አልበም ያወጣል፤ በሳምንቱ «ሙሉ አልበም» ተብሎ በፍላሻችን ላይ ይጫናል። ይህ ሳይሰጡ መውሰድ ነው። የአገራችን ሕግም፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ሰው ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ የሚያዘጋጅበትን ቦታ ትቷል፤ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ግን ከልክሏል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እንምጣ። በፋሲካ ሰሞን በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ከአንዱ ወንድም ዲስክ ተገልብጦ በፕሮጀክተር ሲታይ፣ ሕዝቡም ሲያለቅስ አይተናል። ዳዊት ከኦርና አውድማውን በነጻ ቢሰጠው እንኳ ዋጋ ያልከፈለበትን ለአምላኩ ማቅረብ እንቢ ብሎ 50 ሰቅል ብር ቆጠረ። ባለቤቱ ሰጥቶት እንቢ ካለ፣ እኛ ባለቤቱ ሳይሰጠን የምናቀርበው ምን ይባል? ሽማግሌዎች ይህን በስብሰባችሁ አንሡት፤ ለሚዲያ ክፍሉ ልጆች ብቻ የሚተው አይደለም።

ጌታን ገና ያልተቀበላችሁ፣ ይህን ገጽ ግን የምትከታተሉ ወዳጆቻችንም አላችሁ። «ጴንጤዎች አይጠጡም፣ አያጨሱም» ትላላችሁ፤ ፊልም ቤት ደጅ ላይ ግን ከእናንተ ጋር ተሰልፈን ታገኙናላችሁ። ትዝብታችሁ ትክክል ነው። ጌታችንን በእኛ ፍላሽ አትመዝኑት።

ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ዲስኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና ልጆቻችሁ አብረው እያዩ ፋይሉን አንድ በአንድ ለዩ። የሠርጋችሁ ቪዲዮ፣ የልጆቹ ልደት፣ ከፍላችሁ የገዛችሁት ሲዲ ቅጂ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ የሰጠቻችሁ ስብከት የእናንተ ነው፤ በቴሌቪዥናችሁ እስክትጠግቡ እዩት። በ1979 እ.ኤ.አ. በሉቃስ ወንጌል ላይ ተመሥርቶ የተሠራው «ኢየሱስ» የተሰኘው ፊልም በአማርኛም አለ፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው በነጻ እንዲወርድ አስቀምጠውታል፤ ለፋሲካ ፕሮግራምም ይበቃል። ብዙ የአማርኛ ፊልሞችንም ባለመብቶቹ ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፤ እዚያው ብታዩላቸው ከማስታወቂያው ገቢ ያገኛሉ። የቀረውን አጥፉት። አንዱ ልጅ «አባዬ፣ ይሄን ገና አላየነውም እኮ» ማለቱ አይቀርም፤ ለምን እንደምታጠፉት ያኔ ንገሩት።

ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ። እኛ ለሩቁ የፊልም ኩባንያ እንዴት እንመልስ ብለን ልንቸገር እንችላለን። የዘማሪው ነገር ግን አያስቸግርም፤ እሁድ እሁድ ሁለት ወንበር አልፎ ይቀመጣል፤ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብለን «አልበምህን ከየት ልግዛ?» ብንለው ይነግረናል።