ሰው ሠራሽ እግር ከተገጠመ በኋላ አጥንቱን ማን ይከታተላል?

ከጉልበት በታች እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት ሲራመድ ሕክምናው እንደ ተጠናቀቀ መቁጠር የተለመደ ነው። ቀጣዩ ክትትልም በአመዛኙ በቆዳ ቁስልና በሶኬቱ መጥበቅ ወይም መላላት ላይ ያተኩራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተረፈው አጥንትም በክትትሉ ውስጥ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል የሚል ነው።

አጥንት በሚያርፍበት ጫና ልክ ራሱን የሚያድስ ሕያው አካል መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ አስረድቷል። ጫናው ሲቀንስ አጥንቱ ይሳሳል። በጤናማ እግር የሰውነት ክብደት በቅልጥም በኩል አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። በተለመደው ሶኬት ውስጥ ግን ክብደቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማትና በዙሪያው ባሉ ለስላሳ ክፍሎች ላይ ሲሆን፣ የተቆረጠው የቅልጥም ጫፍ እምብዛም አይሸከምም። ስለዚህም የአጥንቱ ውጫዊ ግድግዳ ይቀጥናል፤ ጥግግቱም ይቀንሳል። ለውጡ እስከ ጭንና ዳሌ አጥንት ሊደርስ ይችላል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ችግር ያጋጥማል፤ የተቆረጠው ጫፍ እያደገና እየሾለ ቆዳን እስከ መብሳት ሊደርስና ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። በአገራችን በጥብቅ የወጌሻ ማሰሪያ ሳቢያ በሚመጣ ጋንግሪን እግራቸውን ከሚያጡት መካከል ሕፃናት ስለሚገኙ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

አጥንቱ የሚያገኘውን ጫና የሚወስነው የሶኬቱ አሠራር ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው አኗኗርም ነው። ለአብነት ያህል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሁለት ተጠቃሚዎችን እናስብ። አንዱ በጀሞ አሳንሰር በሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ደረጃው ስለሚከብደው ከቤት የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ሌላው በሳሪስ ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይሠራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት የፖሊፕሮፒሊን እግር ቢገጠምላቸው እንኳ የአጥንታቸው ዕጣ አንድ አይሆንም። «እግሩን ተረክቧል» የሚል መዝገብ ይህን ልዩነት አያሳይም።

የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ተራ ራጅም የአጥንት መሳሳትን የሚያሳየው ሲሶ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሦስት መረጃዎች አሉ፤ እነርሱም ከቀዶ ሕክምናው እስከ መጀመሪያው ገጠማ ያለፉት ቀናት፣ እግሩ በቀን የሚደረግበት ሰዓት፣ እንዲሁም በገጠማው ዕለት ተነሥቶ በኋላ በተመሳሳይ አኳኋን የሚደገም የሁለቱም እግሮች ራጅ ናቸው። ሁለቱን እግሮች የሚያነጻጽር ተመራማሪ ግን ጤነኛው እግር ከወትሮው በላይ ስለሚሸከም ፍጹም መለኪያ እንደማይሆን ልብ ሊል ይገባል።

ሰው ሠራሽ እግር ሲያረጅ በሌላ ይተካል፤ የተረፈው ቅልጥም ግን ምትክ የለውም። ስለሆነም በአጥንት ሕክምና፣ በፊዚዮቴራፒና በሰው ሠራሽ አካል ሙያ የሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን መዝገብ በጋራ ቢጀምሩት ለቀጣይ ጥናት ጽኑ መሠረት ይሆናል።