ሸክላው የእኔ፣ ዘፈኑ የማን?

የግል ድረ ገጽ ያለው ሰው ከቤተሰቡ መሳቢያ ያገኘውን ሸክላ ወይም ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጥና «አልሸጥኩትም፣ የዘፋኙንም ስም ጽፌአለሁ» ብሎ ለዓለም ይለቀዋል። ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። በገበያ ዓይን ሲታይ ግን የሌላ ሰው ሸቀጥ በነፃ ማደል ነው። ባለንብረቱ ዋጋ ሳይቆርጥለት በፊት ሸቀጡ ዋጋ ያጣል።

ካሴት የገዛ ሰው ካሴቱን እንጂ መብቱን አልገዛም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ከታተመ ሥራ ለራሱ መገልገያ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያወጣ አይከለክለውም። ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ ግን ለሕዝብ ማሰራጨት ነው። ገንዘብ አለመቀበሉም ሆነ ስም መጥቀሱ ይህን አይለውጠውም።

በዚያ ላይ የአንድ ዘፈን ባለቤት አንድ ሰው አይደለም። ግጥምና ዜማ ደራሲው አሉ፤ ድምፃዊውና ሙዚቀኞቹ አሉ፤ ቀረጻውን በገንዘቡ ያሠራው አሳታሚም አለ። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጸናል፤ የከዋኙና የቀረጻው አሳታሚ መብት 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «ሸክላው 50 ዓመት ሞልቶታል» የሚለው የሰብሳቢዎች ክርክር ቢያስኬድ እንኳ ለገጣሚው ወራሾች መልስ አይሆንም።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በለጣፊው ላይ መከመር አልወድም። ፈቃድ ልጠይቅ የሚል ጨዋ ሰው ቢገኝ የማንን በር ያንኳኳል? በካሴት ዘመን ብዙ ሥራ የተሸጠው በቃል ስምምነትና በእጅ በእጅ ክፍያ ነው። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኩባንያ አሜሪካ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአገሩ ሕግ ባለመብቱ ለኩባንያው ጽፎ ዘፈኑን የሚያስነሣበት መንገድ ከፍቷል። ግን «ባለመብቱ እኔ ነኝ» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል።

አምሃ እሸቴን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። ኋላም አገር ለቆ አሜሪካ ኖረ። የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ»ን ሲያወጣ ግን የሚዋዋለው ሰው አላጣም። በዚያው ተከታታይ የወጡ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰሙ። ፊልም ሠሪ የሚገዛው ዜማውን ብቻ አይደለም፤ ነገ እንዳይከሰስ የሚያደርገውን ወረቀት ጭምር ነው።

የማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል። ማኅበሩም ቢሆን የሚያከፋፍለው መብቱን ላረጋገጠ ነው። የድሮ ሙዚቃ ቤት ክምችት ልግዛ የሚል ባለሀብት እንግዲህ ማስተር ቴፑን ከማየቱ በፊት ከድምፃዊው፣ ከገጣሚውና ከዜማ ደራሲው ጋር የተፈረመውን ውል ይጠይቅ። ውሉ ከሌለ ሻጩ ባለመብቶቹን ወይም ወራሾቻቸውን ፈልጎ ያስፈርም፤ ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።