«ብቻህን ታነሳታለህ?»

ሞተሯን ገዝቼ ቢሾፍቱ አጎቴ ግቢ ውስጥ ባቆምኩ ዕለት ባለቤቴ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«መንገድ ላይ ብትወድቅ ብቻህን ታነሳታለህ?»

«ቀላል ስለሆነች እኮ ነው የመረጥኳት» አልኩና ሣቅሁ። አልዋሸሁም፤ ያን ዕለት ቀላል ነበረች። ከሦስት ወር በኋላ ግን ያ ጥያቄ ጭቃ ውስጥ ተጋድሜ ትዝ አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ሞተሯ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ናት፤ ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ ከተሠሩት ቀላል ሞተሮች አንዷ። ክብደቷ 144 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከአገር ሊወጣ ከነበረ የውጭ ዜጋ ነው የገዛኋት። ቢሾፍቱ የምታድረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ወዲህ ሞተር እንደ ልብ የሚነዱት ነገር አልሆነም። እንዲያውም ለቤተሰቡ በጀ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችንን ይዘን አጎቴ ዘንድ የምንሄድበት ሰበብ ሆነችን።

ሕልሜ ባሌ ነበር። በአሰላ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ጎባ መግባት፤ በማግስቱ የሳነቴን አምባ ማቋረጥ። ከቢሾፍቱ ጎባ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለች ሞተር ግን ጠዋት ወጥታ ማታ እንድትመለስ እንጂ ለረጅም ጉዞ አልተሠራችም። የነዳጅ ታንኳ 8 ሊትር እንኳ አይሞላም። መቀመጫዋ እንደ ጣውላ ጠባብና ደረቅ ነው። ሞላዋ ለስላሳ ነው። ዕቃ የሚታሰርበት ቦታም የላትም። ስለዚህ ማሻሻል የግድ ነበር።

የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ሰው ያላሰበው ነገር እንዴት «የግድ ያስፈልገኛል» እንደሚያሰኘው ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ሥጋቱን ታሳየዋለህ፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን፣ መጨረሻ ላይ ዋጋውን። በገዛ ሙያዬ ወጥመድ ገባሁ። ዝናብ ቢጥልስ? ነዳጅ ባገኝስ ባጣስ? ቢመሽብኝስ? ለእያንዳንዱ «ቢሆንስ» አንድ ዕቃ ጨመርኩ። ደግሞም የረጅም መንገድ ሞተር ሲባል በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣብኝ አንድ ምስል ነበር፤ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ተነሥተው ኢትዮጵያን አቋርጠው ኬፕታውን የገቡባቸው ቢኤምደብልዩዎች። ግራና ቀኝ ሣጥን፣ ኋላ ሣጥን። እነዚያ ሞተሮች ግን ከ250 ኪሎ ግራም በላይ እንደሚመዝኑና ከኋላቸው የድጋፍ መኪና እንደሚከተል ልብ አላልኩም።

ሁለት የብረት ሣጥን አሠራሁ። ሥራው እንከን አልነበረውም፤ ጥፋቱ የአሠሪው ነው። ኋላ ላይ አጎቴ ጎረቤት ካለው ወፍጮ ቤት ወስጄ በእህል ሚዛን ስመዝናቸው፣ ሣጥኖቹ ከነመያዣ ብረታቸው 22 ኪሎ ሆኑ። ውስጣቸው የነበረው ዕቃ 35 ኪሎ። 10 ሊትር ቤንዚን ሲጨመር ደግሞ ሰባት ኪሎ ተኩል። ባለ 144 ኪሎዋን ሞተር ከ200 ኪሎ በላይ አሳልፌ ትንሽ አይሱዙ አደረግኳት።

መስከረም ላይ ለሙከራ ወጣሁ። የቢሾፍቱን ዙሪያ የሚያውቅ ያንን ጥቁር አፈር ያውቀዋል። ለጤፉ በረከት ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ቀስ ብዬ እየሄድኩ የፊት ጎማው ሸሸኝ። ሚዛኔን ልጠብቅ ግራ እግሬን መሬት አስነካሁ፤ ሞተሯ ወደፊት ስትንሸራተት ሣጥኑ ከኋላ መጥቶ ባቴን መታውና ቁርጭምጭሚቴን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ ያዘው። ሞተሯ አልተነሳችም። እኔም አልተነሳሁም። ከማሳቸው ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ደርሰው ነው ያወጡኝ። አንደኛው ሣጥኖቹን አየና «ወንድሜ፣ ገበያ ነው የምትሄደው?» አለኝ።

እግሬ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው። ቤት ስገባ «የቢሮው ደረጃ ላይ ተንሸራተትኩ» አልኩ። ውሸቴ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን አጎቴ ለባለቤቴ ደውለው «የልጁ እግር እንዴት ሆነ?» አሉ። አልጮኸችም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጃችን እስክትተኛ ጠበቀችና እንዲህ አለች፦ «መውደቅህ አይደለም ያናደደኝ። የጠየቅኩህን ጥያቄ መልስ እያወቅክ መደበቅህ ነው። ነገ ባሌ ላይ ስትደውልልኝ ‹ደህና ነኝ› ስትል ምን ልመን?»

መልስ አልነበረኝም። ሞተሯን ልሸጣት አሰብኩ። «አትሽጣት፤ ግን ከእንግዲህ እሷ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን አብረን ነው የምናየው» አለች። አንድ ደንብም አወጣች፦ ዕቃው በሙሉ ተጭኖ ሞተሯ ግቢው ሣር ላይ ትጋደማለች፤ ብቻዬን ካላነሳኋት የሆነ ነገር ይወርዳል።

ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። በዚህ ደንብ የቀረውንና የተጨመረውን በየተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የወረዱት ሣጥኖቹ ናቸው። በምትካቸው ሁለት ውኃ የማያስገቡ የሸራ ቦርሳዎች መጡ፤ ከኋላ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ነጂው ቀረብ ብለው የሚታሰሩ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ጨርቅ እግር ቢያገኝ ይታጠፋል፤ ብረት አይታጠፍም። ደግሞም የቀላል ሞተር የኋላ አካል የሚቆመው በቀጭን የብረት ቧንቧ ላይ ነው። ከጎማው ኋላ የተንጠለጠለ ጭነት በየጉድጓዱ እንደ ዶማ እጀታ እየጎተተ ያንን ቧንቧ ይሰነጥቀዋል። አምራቹ የሚፈቅደው የጭነት ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ ልኩ የነጂውንም ክብደት እንደሚጨምር አትርሱ።

ቀጥሎ ነዳጅ። ጀሪካኑ ወረደ። ማደያዎች በጀሪካን አንቀዳም ሲሉ ደግሞ ባዶውን ተሸክሞ መዞር ነው። ለዚህች ሞተር ወደ 12 ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ታንክ ይሠራላታል፤ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ለገና ስትመጣ ካርቶኑን ጥላ በልጆች ልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «የሰው ልጅ ሽቶ ያስመጣል፣ አንተ በርሜል» እያለች እስክትመለስ ሣቀችብኝ። ሞተሯ በአንድ ሊትር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ፣ አንዱ ማደያ ባዶ ቢሆን ቀጣዩ ከተማ ያደርሰኛል።

ሦስተኛው ኃይል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኢንጂኑን መነካካት፣ የጭስ ማውጫ መለወጥ ያምረዋል። መካኒኩ ጋሼ «ልጄ፣ ያልታመመ ሆድ አይቀደድም» ብለው ከለከሉኝ። የኛ አገር ችግር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ 4,000 ሜትር ላይ ሢሶው የለም። አየር ሲያንስ የሚነደው ነዳጅ ያንሳል፤ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በዚህ ላይ ነዳጅ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። የኔዋ ነዳጁን በኮምፒውተር ስለምትመጥን ከዚያ ትድናለች፤ የጎደለውን አየር ግን ማንም አይተካላትም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከፊት ያለው የካቴና ጥርስ 14 ነበር፣ 13 አደረግነው። አንድ ጥርስ መቀነስ የጎማውን የመግፋት ጉልበት 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። አስፋልት ላይ ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ከልጅ አባት ፍጥነት የሚፈልግ የለም።

አራተኛው ሞላ ነው። ሞተሯ የተሠራችው ቀለል ላለ ሰው ስለሆነ ለክብደቴ የሚመጥን ጠንከር ያለ ሞላ ከኋላ አስገባን። ልኩን ያገኘነው ቤት ባለ ሜትር ነው። ሞተሯን ከፍ አድርገን የኋላ ጎማዋ ተንጠልጥሎ ከጎማው መሐል እስከ መቀመጫው ሥር ለካን፤ ከዚያ ዕቃውን ጭኜ፣ ልብሴን ለብሼ ስቀመጥ ባለቤቴ እንደገና ለካች። ልዩነቱ ሞላው ከሚጫወትበት ርቀት ሢሶው መሆን አለበት። የኋላው 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጫወታል፤ እኛም 8 ላይ አቆምነው። ቁጥሩን በእርሳስ የጻፈችው የስድስት ዓመቷ ልጃችን ናት። ስምንቷን ገልብጣ ብትጽፋትም ያው ስምንት ናት።

መቀመጫው ላይ አጎዛ አሰርን። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሞተረኞች የበግ ቆዳ ያነጥፋሉ። ጸጉሩ አየር ያስተላልፋል። ከኢንጂኑ ሥር ድንጋይ የሚመክት የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ መሪው ላይ የእጅ መከላከያ ገባ። የጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ማጣበቂያና አንድ ትርፍ ከመነዳሪ ያዝኩ፤ አንድ ብቻ፣ የፊቱን። የፊት ጎማዋ 21 ኢንች፣ የኋላዋ 18 ነው። የፊቱ ከመነዳሪ በችግር ጊዜ ለኋላው ጎሚስታ ቤት እስኪደረስ ያገለግላል፤ የኋላው ግን ለፊቱ አይሆንም።

ትርፍ መብራቶቹን ባለቤቴ ራሷ አስወረደቻቸው። «መብራት ካለህ ማታ ትነዳለህ» አለች። ልክ ነበረች። አህያና ከብት በሚያቋርጡት መንገድ ላይ መፍትሔው 11 ሰዓት ላይ መቆም ነው። በመብራቱ ፋንታ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንካራ የሞተር ቡት አስገዛችኝ። ከሣጥኖቹ በላይ ያስወጣኝ እሱ ነው፤ ካወጣሁት ሁሉ የማይቆጨኝም እሱ ነው።

የቅዳሜው ፈተና እንዲህ ነበር። ሞተሯ ትጋደማለች። ጀርባዬን እሰጣታለሁ፣ በአንድ እጄ መሪውን በሌላው የኋላ ብረቷን እይዛለሁ፣ ቁጢጥ ብዬ በወገቤ ሳይሆን በእግሮቼ ወደ ኋላ እየገፋሁ እነሳለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አቃተኝ፤ ትርፍ ጫማና የጋዝ ምድጃ ወረዱ። በሁለተኛው አነሳኋት፤ ግን ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ወንበር ወረደ። በሦስተኛው ሦስት ጊዜ አከታትዬ አነሳኋት። ልጄ አጨበጨበች። የዕቃው ክብደት 14 ኪሎ ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሎይስ ፕራይስ የምትባል እንግሊዛዊት ከለንደን ኬፕታውን በ250 ሲሲ ያማሃ መሄዷን አነበብኩና በሣጥኖቼ ይበልጥ አፈርኩ።

የካቲት ላይ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ዶዶላ አደርኩ፤ በሁለተኛው ጎባ። በሦስተኛው ጠዋት ከጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ተነሥቼ ወደ ሳነቴ ወጣሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሯ ደከመች፤ ያቺ የቀነስናት አንድ ጥርስ ግን በሁለተኛ ማርሽ እያለከለከች አወጣችኝ። ከላይ ጅባራው ጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል። ሩቅ አንድ ቀይ ቀበሮ አየሁ። ላየው ብዬ ስቆም እግሬ ያረፈበት ድንጋይ ተንከባለለና ሞተሯ ጠጠሩ ላይ ተጋደመች።

ዙሪያዬን አየሁ። ሰው የለም። ኔትወርክም የለም። ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ቁጢጥ አልኩ፣ ገፋሁ። በ4,000 ሜትር ላይ ትንፋሽ ውድ ነው፤ ተነሳች ግን። እጅ መከላከያው ተጫረ፣ ሌላ ምንም።

ማታ ጎባ ተመልሼ ደወልኩ። «ደህና ነህ?» አለች። «ደህና ነኝ። ሳነቴ ላይ ወድቃብኝ ነበር» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያው ነገም ቀስ ብለህ ና» አለችና ስልኩን ለልጃችን ሰጠቻት። እሷ የፈለገችው ስለ ቀበሮው ነበር።

ለረጅም መንገድ ሞተር የምታሰናዱ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ጭናችሁ ግቢ ውስጥ አጋድሟት። አንሷት። ካልተነሳች የሚያስፈልጋችሁን ዝርዝር ገና አልጨረሳችሁም፤ የማያስፈልጋችሁን ጻፉ። ቤታችሁ ያለው ሰው ቆሞ ይይ። ሜትሩንም እሱ ይያዝ።