ወርቅ ነው ያለን ማን ነው?

«ወርቃማው ዘመን» የሚለውን አነጋገር በሰማሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ቅሬታዬ ከሙዚቃው ጋር አይደለም፤ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና ማሕሙድ አሕመድን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የሚያስቀይመኝ አለቃቀሳችን ነው። አንድ ጎልማሳ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ዘፈንማ በእኛ ጊዜ ቀረ፤ የዛሬ ልጆች ምን አላቸው!» ሲል፣ አንድ ነገር ልጠይቀው እመኛለሁ፤ በጊዜህ የገዛሃቸው ሸክላዎች ዛሬ የት ናቸው?

የእኛ ቤት ሸክላዎች የት እንደ ደረሱ እኔ አውቃለሁ። የካሴት ማጫወቻ በተገዛ ማግስት ሸክላ ማጫወቻው አልጋ ሥር ገባ። ሸክላዎቹን እኛ ልጆች እየወረወርን ተጫወትንባቸው፤ የተረፉትን ቆራሌው ወሰዳቸው። ማንም አልተቆጣንም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ!

ያ ወርቅ እንዴት እንደ ተገኘም ረስተነዋል። ሸክላ የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ፤ ሸክላውንም ባሕር ማዶ እያሳተመ ያስመጣ ጀመር። ዛሬ ወጣቱን ለመውቀሻ የምንጠቅሰው ዘመን፣ አንድ እንቢተኛ ወጣት ያተረፈልን ነው። ቀጥሎ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው፤ አምሃም ተሰደደ።

የተበተነውን የለቀመው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። «ኢትዮፒክስ» በሚል ስያሜ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው) ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ጥራዞች ወጡ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ተሰማ። ያን ጊዜ እኛም ደረታችንን ነፋን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ፈረንጅ ዘረፈን» ብለን ጮኽን። ለሙዚቀኞቹ የሚገባቸው ተከፍሏል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሊጠየቅም ይገባል። ነገር ግን ለቆራሌ የሰጠ ሰው ተዘረፍሁ ሲል አላምነውም።

ከስሕተታችን ተምረን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። ኃይሉ መርጊያን ተመልከቱ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሺንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር አጣምሮ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሮውን የገፋው በታክሲ ነጂነት ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። በታክሲው ተሳፍሮ ማንነቱን ሳያውቅ ሒሳቡን ከፍሎ የወረደ ስንት ወገን ይኖር ይሆን? ካሴቱን ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ በ2013 እንደ ገና ያሳተመው አሜሪካዊ ነው። ባሕር ዳር! እኛ በየቀኑ የምናልፍበት መደርደሪያ ላይ!

የካሴት ዘመን «ወርቃማ» የሚል ማዕርግ ገና አልተሰጠውም፤ ስለዚህም ማንም አያለቅስለትም። ክሩ ግን በየቤቱ እየበሰበሰ ነው። ወደ ዩቲዩብ የሚጫነውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የድምፃዊው ስም ብቻ ይለጠፍበታል፤ ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው ብሎ የሚጨነቅ ጥቂት ነው። ግጥም የሚወድ ሕዝብ ነን እንላለን፤ ገጣሚውን ግን ከዘፈኑ ላይ ፍቀን እንጥለዋለን።

ባለፈው ወር የራሴን ካሴቶች ከካርቶን አወጣኋቸው። አርባ ሦስት ናቸው። ዘጠኙ አይጫወቱም። በአንዱ ሽፋን ላይ፣ ከ«ቅንብር» ቀጥሎ የነበረውን ስም ውኃ አጥቦታል፤ የመጀመሪያው ፊደል «ተ» ይመስለኛል። ካሴቱን የማውቃቸው ሰዎች ዘንድ ይዤ እየዞርሁ ነው።