ማሙሽን ማን ይይዘዋል?

ባለፈው ሰሞን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «አዲስ አበባን እንዴት ታውቋታላችሁ?» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጠሁና ወረቀታቸውን ሰብስቤ ማታ ቤቴ ማረም ጀመርሁ። የማስተምረው ሰበታ ነው። ሰበታ ከአዲስ አበባ መካከል ብትርቅ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ ልጆቹ የሚጽፉት ሞልቶ ይተርፋቸዋል ብዬ ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። አንዱ አዲስ አበባን የሚያውቃት አባቱ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ስንቅ ሲያመላልስ ነው። አንዲቱ ጫማ ሊገዛላት መርካቶ ሄዳ፣ ጫማውን ታቅፋ በመጣችበት ታክሲ ተመልሳለች። ሌላው ከአየር ጤና አልፎ እንደማያውቅ በሦስት መስመር ጽፎ የቀረውን ገጽ ባዶውን ትቶታል። ለዚህ ምን ነጥብ ይሰጠዋል? እውነቱን ጽፏል እኮ!

ይኸን ስመለከት ወደ ራሴ ቤተ ሰብ ዞርሁ። እትዬ የሚኖሩት ቡራዩ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ 17 ዓመቷ ነው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። መካከለኛው 10 ዓመቱ ነው። ማሙሽ ገና 4 ዓመቱ ነው። ሱሉልታ ደግሞ አክስቴ አሉ፤ የእርሳቸው ልጅ 14 ዓመት ሆኖታል። ሱሉልታ የሯጮች መንደር ስለ ሆነች ይኸ ልጅ መራመድ የሚባለውን ነገር አያውቅም፤ ዳቦ ግዛ ቢሉትም የሚሄደው በሩጫ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ትልቋን «ስድስት ኪሎን አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብላት፣ «አዎ ጋሼ፣ በታክሲ መስኮት» አለችኝ። በሚመጣው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የምትፈተን ልጅ ናት።

አንባቢዬ ሆይ፣ በእነዚህ ከተሞች ተወልደው እንደ ሆነ ነገሩ አይጠፋዎትም። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚባል በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው። ነገር ግን በታክሲ ለሚጓዝ ሰው ካንዱ ወዳንዱ ለመድረስ መንገዱ በአዲስ አበባ በኩል ነው። የሱሉልታ ሰው በእንጦጦ አፋፍ በኩል ይወርዳል፣ የሰበታ ሰው ይወጣል፣ የቡራዩ ሰው በአስኮ ይገባል፤ ሁላችንም ከተማይቱን እንደ ወንዝ እንሻገራታለን እንጂ አንቀመጥባትም። ስለዚህ ልጆቹን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባን ላሳያቸው ቆረጥሁ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ባልናገረው በወደድሁ። መምህር ነኝና እንደ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አድርጌ ጻፍሁት። ከጧቱ 3 ሰዓት አንድነት ፓርክ፣ ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ከምሳ በኋላ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከዚያ ወዳጅነት ፓርክ፣ ሲመሽ መርካቶ። ወረቀቱን ለሥራ ባልደረባዬ ባሳየው አይቶ ዝም አለ። ዝምታው ምን እንደ ነበረ ኋላ ገባኝ።

መገናኛችን አራት ኪሎ፣ የሚያዝያ 27 ሐውልት ሥር ነበር። እኔ በ2 ሰዓት ተኩል ደረስሁ። ትልቋ ሁለቱን ወንድሞቿን ይዛ በ3 ሰዓት መጣች። የሱሉልታው ልጅ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ አጥቶ 4 ሰዓት ሆነ። በዚህ መካከል የአሥር ዓመቱ ልጅ ራበኝ አለ፤ ማሙሽ ደግሞ ሽንቴ መጣ አለ። በሰሌዳዬ ላይ ግን ለረኀብም ለሽንትም የተመደበ ክፍለ ጊዜ አልነበረም። እነርሱን ሳስተናግድ የሱሉልታው ልጅ ከዐይኔ ጠፋ። ሃያ ደቂቃ! ከሰው ልጅ ጋር ከተማ ገብቶ የሰው ልጅ መጣል ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። የአክስቴ ፊት በዐይኔ ላይ ዞረ። ልጁ ለካ እየሮጠ እስከ ፒያሳ አፋፍ ደርሶ ኖሯል፤ ሲመለስ ሐውልቱ ሥር ቆሞ እኛን ይጠብቃል። ደግነቱ የተገናኘንበትን ቦታ አልረሳም።

ከስድስቱ ቦታዎች ሁለቱን እንኳ በቅጡ ሳናይ ማሙሽ አንቀላፋ። ያን ጊዜ አብርሆት ደጃፍ ላይ ነበርን። ይኸ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ትልቋ ከመጀመሪያው ጀምራ «እዚያ ብቻ እንግባ» ስትለኝ የቆየችው እርሱን ነበር። ነገር ግን ልጁ በጀርባዋ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም በጀርባዋ ላይ ነው። እኔም ሳላስበው «አንቺ ከማሙሽ ጋር እዚህ አረፍ በይ፣ እኛ ቶሎ እንመለሳለን» ብዬ ወንዶቹን ይዤ ገባሁ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ልጁን በነጠላዋ ጥላ ታጠላለታለች። ወደ አስኮ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ፣ «እንዴት ነበር ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ደኅና ነው ጋሼ» አለች፤ ቆይታም፣ «እኔ ዛሬ ያየሁት የማሙሽን ጫማ ነው» አለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እኔ ግን እስከ ቡራዩ ድረስ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ያን ሌሊት ወረቀት አውጥቼ እንደ ገና ጻፍሁ። በዚህ ጊዜ በቦታ ፈንታ የልጆቹን ስም ደረደርሁ፤ በያንዳንዱ ስም ፊት አንድ ነገር ብቻ። ለማሙሽ የሚያስደንቀው ነገር፣ ለአሥር ዓመቱ ባቡር፤ እርሱ ባቡር ባቡር ካለ ዓመት አልፎታል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ መስመር ለእንዲህ ያለው የከተማ ጉዞ የተሠራ እንዳይደለ ባስረዳውም ሊገባው አልቻለም። ለሯጩ የሚሮጥበት ቦታ። ለትልቋ ስድስት ኪሎ፣ ያውም ባዶ ጀርባ። የቀኑ ርዝመት ደግሞ የሚለካው በማሙሽ እግር ነው። ትንሹ ሲደክም ትልቁም ደክሟል፤ ምክንያቱም የሚሸከመው እርሱ ነው።

ችግሩ እትዬን ማስፈቀድ ላይ ነበር። «ሽርሽር የሀብታም ልጅ ነገር ነው» አሉኝ። ሒሳቡን አብረን አሰብነው። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሦስት ታክሲ ነው። ማሙሽ ጭን ላይ ቢቀመጥ እንኳ ለሁለቱ ልጆች ብቻ ደርሶ መልስ 12 የታክሲ ሒሳብ ይሆናል። የወር ደመወዝተኛ አንባቢዬ ይኸን ሲሰማ ደብተሩን እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሳያልፍ መሄድ ይሻላል። ምግቡን ከቤት ከያዙ ግማሹ ወጪ ይቀራል። እትዬ ግን ገንዘቡን ትተው ሌላውን አነሡ። «ቅዳሜ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ነው። እርሷ ከሄደች ማን ያጥባል? ማሙሽንስ ማን ይይዘዋል?»

«ልብሱን ዓርብ ማታ እኔና ወንዶቹ እናጥባለን፤ ማሙሽን እኔ እይዘዋለሁ» አልኋቸው። ሳቁ። ይሁን እንጂ ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቡራዩ ሄጄ አደርሁ፤ አጠብንም። የሰበታ መምህር ቡራዩ ላይ ልብስ ሲያጥብ ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አየው፤ ምን ይደረግ።

በበነጋው ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ውኃ ይዘን በጧት ተነሣን። በማሙሽ ኪስ የእኔንና የእናቱን የስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ከተትሁ። ለሁሉም «ከጠፋችሁ አትፈልጉን፤ ሐውልቱ ሥር ቁሙ፣ እኛ እንመጣለን» አልኋቸው። የሱሉልታው ልጅ ከሌሊቱ ተነሥቶ ኖሮ እኛን ቀድሞ ደርሷል።

ብሔራዊ ሙዚየም ስንገባ ከላይኛው ፎቅ አልጀመርንም፤ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ወረድን። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ማሙሽ ፊቷ ቆሞ ራሱን በእጁ ለካ። ትልቅ ሰው መሆኗን ስነግረው «ታዲያ ለምን አላደገችም?» አለኝ። ከእርሷም ይልቅ የገረመችው ሰላም ናት። ሰላምን በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛት በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ነው፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ የሞተችው ግን በሦስት ዓመቷ ገደማ ነው። «ከአንተ ታንሳለች» ብለው ዐይኑ ፈጠጠ። «እናቷስ?» ብሎ ጠየቀ። የሳይንስ መምህር አይደለሁምና እዚያው ላይ ተሸነፍሁ። ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት የሙዚየም ጉብኝት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የነገሥታት ዙፋን ብታሳዩት የሚያየው ወለሉን ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ የወሰደኝ በ1940 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወደ ነበረው ወደ ስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ነበር። ከዚያን ቀን ሁሉ በልቤ የቀረው የአንበሳው ማዛጋት ብቻ ነው። ዛሬ አንበሳ ለማየት በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ አለ። ነገር ግን እርሱ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋልና ከሌላ ጋር አታዳብሉት።

ከሙዚየሙ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ወጣን። መታወቂያ መያዝ አይረሳም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ነው፤ ደጃፉ ላይ ያለው ሐውልትም ከዚያ በኋላ ለተጨፈጨፉት የቆመ ነው። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። አሁን በውስጡ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፤ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ዕቃዎቹ የተደረደሩት እንደ ሰው ዕድሜ፣ ከልጅነት ወደ ጉልምስና፣ ከጉልምስና ወደ ሞት ነው። ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆች ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ አደራደር አይገኝም፤ አንዱ ካንዱ ክፍል ባይወድ የራሱን ይወዳል።

ትልቋን «ግቢ፤ ስትጨርሺ ውጪ» አልኋት። «ስንት ሰዓት አለኝ?» አለች። «ስትጨርሺ» አልሁ። እኔ ከሕንፃው ፊት ባለው፣ ጣልያን ሠርቶት አናቱ ላይ የእኛ አንበሳ በተቀመጠበት የደረጃ ሐውልት አጠገብ ማሙሽን ይዤ ተቀመጥሁ። ሁለቱ ወንዶች ለጥቂት ጊዜ ገብተው ወጡ። እርሷ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆየች። በዚያን ጊዜ ውስጥ ማሙሽ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ አንድ ጊዜ አለቀሰ፣ ሸሚዜ ላይ ድንች አበሰ። ክንዴ ዛለ። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይኸን በየቀኑ ስታደርገው እኔ ቡና እየጠጣሁ እንዳየኋት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ስትወጣ ብቻዋን አልነበረችም፤ ከአንዲት ተማሪ ጋር እያወራች ነው። ተለያይተው ስትመጣ፣ «ጋሼ፣ ከነቀምት ነው የመጣችው» አለችኝ። ነቀምት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አውቶቡሱም የሚያልፈው በቡራዩ፣ በእነርሱ ደጅ በኩል ነው። «በእኛ በር አልፋ መጥታ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ምሳ ስንበላ ግን ስለ መግቢያ ነጥብ፣ ስለ መኝታ ቤት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጠይቃ ጠይቃ አደከመችኝ።

ከዚያ በታክሲ መስቀል አደባባይ ወረድን። ሯጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ እኛ ተቀምጠን ቆጠርንለት፤ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ማሙሽ ቆጠራውን አበላሸብን። ሯጩን ወደ ሱሉልታ ሸኝተን ከስታዲየም ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር እስከ ጦር ኃይሎች ተሳፈርን። የአሥር ዓመቱ ልጅ መቀመጫ ቢያገኝም አልተቀመጠም፤ መስታወቱ ላይ ግንባሩን ለጥፎ ነው የሄደው።

ቡራዩ ስንደርስ ገና አልመሸም። እትዬ ማሙሽን ከክንዴ ተቀብለው፣ «ምን በላችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ የእናት ጥያቄ ይኸ ነው። ትልቋ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «እማዬ፣ የሚቀጥለው ጊዜ አንቺም ትመጫለሽ» አለች። እትዬም፣ «እኔ ስድስት ኪሎን የማውቀው አንቺን ሆስፒታል ስወልድ ነው» ብለው ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ፣ እኔም ከሄድሁ ማሙሽን ማን ይይዘዋል?» አሉ።

ሁሉም ዞረው እኔን ተመለከቱ።