ተቀበል የሚባልበት ክፍል

የአዝማሪ ጨዋታ የጠባብ ቤት ጥበብ ነው። አዝማሪ ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ መለስተኛ ክፍል ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ዱካና አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይተርፋል። ማሲንቆው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያለው፣ ሳጥኑም ቆዳ የለበሰ ትንሽ ነገር ስለሆነ ድምፁ ሩቅ አይሄድም። ርቆ እንዲሄድም አልተሠራም። አዝማሪው በደጋኑ እየገዘገዘ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይዞራል፤ ስም ይጠይቃል፣ አለባበስ ያያል፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ልብ ይላል። ግጥሙ የሚወጣው ከዚያ ነው።

የድርሰቱ ግማሽ ደግሞ የእንግዳው ነው። አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ዜማውን ሳያቋርጥ፣ ቤቱንም ሳያበላሽ ተቀብሎ ይደግመዋል። ሰሙ ለሁሉም ይሰማል፣ ወርቁ ለገባው ብቻ። የገባውና ያልገባው ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚተያዩ፣ ሳቁ ከየትኛው ጥግ እንደተነሣ ሁሉም ያውቃል፤ ያልገባውም ጎረቤቱን ጠይቆ ይደርስበታል። ግጥሙ የተነጣጠረበት ሰውም እዚያው ተቀምጧልና መልስ ይሰጣል። በትልቅ አዳራሽ ሃያኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ይህን ሊያደርግ አይችልም።

እስክስታም እንዲሁ ነው። ጨዋታው ከወገብ በላይ ያለ የትከሻ፣ የደረትና የአንገት ነገር ስለሆነ አንድ ሰው ከቆመበት ሳይርቅ ሊጨርሰው ይችላል። የትከሻው መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሹ ድምፅ፣ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ሲፋጠጡ በዓይናቸው የሚባባሉት ሁሉ በቅርብ የሚታይ ነው። ትልቅ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ባዶውን ወለል መሙላት ግድ ይላል፤ ስለዚህ አሠልጣኙ ሰልፍ፣ ዙሪያ ክብና ሩጫ ይጨምርበታል። ከሩቅ ያምራል፤ የትከሻው ረቂቅ ሥራ ግን ይሸፈናል።

ይህ ጥበብ ክፍሉን ብዙ ጊዜ ተነጥቋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1936–1941፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዝማሪዎች ወራሪውን የሚነካ ግጥም ያሰማሉ ተብለው ተሳደዋል፣ ተገድለዋልም። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። ከ1991 በኋላ እላፊው ሲነሣ በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች አዝማሪ ቤቶች እንደገና ፈሉ። ከእነዚያ አንዱ ፈንዲቃ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለዓመታት በሽልማት ብቻ ሲጨፍር ኖሮ በ2008 ቤቱን ተረከበው፤ የሥዕል ማሳያና የግጥም ምሽት ጨምሮበት የታወቀ የባህል ማዕከል አደረገው። በ2024 ማብቂያ ላይ ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። ሙዚቀኞቹ ሌላ ቦታ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ክፍል ግን በዓመታት ልማድ የሚሠራ በመሆኑ በአንድ ጀምበር አይተካም።

ጥበብ ከክፍሉ ጋር ያለው ጉዳይ የሐበሻ ብቻ አይደለም። ዛሬ በግዙፍ ቲያትር ቤቶች የሚታየው ኦፔራ የተወለደው በቤተ መንግሥት ክፍሎች ውስጥ ነው። የሞንቴቬርዲ «ኦርፌዎ» በ1607 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ማንቱዋ በሚገኘው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት፣ ለተጋበዙ ሰዎች ነበር። ቲኬት የገዛ ሁሉ የሚገባበት የመጀመሪያው የኦፔራ ቤት ቬኒስ ውስጥ የተከፈተው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1637 ነው። ኦፔራ አዳራሹ ሲሰፋ ድምፁንም ኦርኬስትራውንም አብሮ አሳደገ። የአዝማሪ ጨዋታ ግን የሚበቅለው ከንግግር ነውና ይህ መንገድ አይመቸውም። ድምፅ ማጉያ ዜማውን ያደርሳል፤ ከእንግዳው የሚመለሰውን ስንኝ ግን አያመጣም።

በእስራኤልም የገጠመው ይኸው ነው። ወደዚህ የመጡት ቤተ እስራኤላውያን፣ በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ፣ ይዘውት የመጡት የዳስና የጎጆ ጨዋታ ነበር። እዚህ ሲደርስ ጨዋታው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ሠርግ አዳራሽ ሄደ፤ በመቶዎች በሚቆጠር እንግዳ ፊት ኪቦርድና ትልቅ ድምፅ ማጉያ ማሲንቆውን ተካው። ሌላው ወደ ቲያትር መድረክ ወጣ። ሩት ኤሼል በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር እስክስታ የተባለውን የውዝዋዜ ቡድን መሠረተች፤ በ2005 ደግሞ ቤታ የተባለውን ቡድን አቋቋመች፤ ይህንንም በኋላ ደጌ ፈደር ተረክባ መርታዋለች። በኢየሩሳሌም ኮንፌዴሬሽን ሃውስ የሚያሰናዳው «ሁለገብ» የተባለው ፌስቲቫልም አለ። ከልጅነቷ ከፊሉን በነታንያ ያሳለፈችው ዘፋኝ አስቴር ራዳ ሙዚቃውን ከሶልና ከጃዝ ጋር አዋህዳ እስከ ውጭ አገር መድረኮች አድርሳለች። ትልቅ ሥራ ነው፤ የልጆቹን አንገት ቀና አድርጓል። የሰፈሩን ክፍል ቦታ ግን አልሸፈነም፣ ሊሸፍንም አይችልም።

ነታንያ ከአሥር ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በራማት የዲዲምም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮቿ የክፍሉን ጨዋታ የሚያውቁት በዕድሜ የገፉት ናቸው። የእነርሱ አማርኛ በቅኔ የተሞላ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚያወሩት ግን ዕብራይስጥ ነው። የሁለት ስንኝ ጥበብ ሳይነካ የቆየው ምናልባት በለቅሶ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ እናቶች ዛሬም ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሰውም ይቀበላል። ለሐዘን የተረፈው ግጥም ለደስታም ሊተርፍ ይገባ ነበር።

ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። በእስራኤል የቆዩ ሰፈሮች ያሉት የሕዝብ ሚክላቶች (የቦምብ መጠለያዎች) በሰላም ጊዜ የወጣቶች ክበብ፣ የሙዚቃ መለማመጃ ወይም ምኩራብ ሆነው ያገለግላሉ። ሠላሳ ሰው የሚይዝ ሚክላት ወይም የማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) አንድ ክፍል ለአንድ ማሲንቆና ለአንድ ከበሮ ይበቃል። ድምፅ ማጉያው ይቅር፤ ወንበሩ በግድግዳው ዙሪያ ይሁን፤ ሽማግሌውና ወጣቱ ተደበላልቀው ይቀመጡ። ሽማግሌው «ተቀበል» ሲል ልጁ ሰሙን ይሰማል፣ ወርቁን ከአጠገቡ ካለው ይጠይቃል፤ ሲለምድም በዕብራይስጥም ቢሆን ቤት የሚመታ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው በማንኛውም ቋንቋ የመጣን ግጥም በዜማው ሊቀበል ይችላል።

የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ቤቱ መጠጥ ይሸጣል፣ አዝማሪው ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ብር ይኖራል። በእስራኤል ግን ዘፋኝ የሚተዳደረው ዋጋው አስቀድሞ በተቆረጠ ሠርግ ነው፤ የሠላሳ ሰው ሽልማት ያንን አይደርስም። ስለዚህ ከተማው ወይም ማትናሱ ለአዝማሪው የምሽት ክፍያ ሊመድብለት ይገባል፤ ለስፖርት አሠልጣኝና ለኮምፒውተር መምህር እንደሚመድበው። ሽልማቱም አይቅር፤ በላዩ ላይ ይጨመር፤ እንግዳው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ አዝማሪው የሚሄድበት ምክንያት እርሱ ነውና።